አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ

አዋሳ፣ ኅዳር 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ብርድ ሲገባ እንደሚያስቸግርሽ ስለማውቅ እዚህ ከሐይቁ በኩል ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሐሳቤ አንቺ ጋ ነው። ያቺ ቀይ ላምሽ ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችሽ ነው? የጓሮው እንሰትስ? እኔ ጌታ ይክበር ጤነኛ ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። ወንድምሽ ጋሼ ኩማም ደህና ናቸው። ክረምቱ ላይ ሳላቸው ተነሥቶባቸው ነበር፤ አሁን ግን እንደ ልባቸው ይቆጡን ጀምረዋልና ድነዋል ማለት ነው።

እማዬ፣ ሙሉጌጥ ለገበያ መጥታ መልእክትሽን አድርሳኛለች። ማልቀስሽንም ነግራኛለች። አቶ በኃይሉ አዋሳ ደርሶ ሲመለስ፣ “ልጅሽን አየኋት፤ እጇ እስከ ክርኗ በግራሶ ተለውሶ፣ የተገለበጠ ብስክሌት ሥር ቁጭ ብላለች። በሩ ላይ ደግሞ ጠብመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ተቀምጦ ይጠብቃታል” አለሽ አይደል? ከዚያ አንቺ ልጄን አስረው የጉልበት ሥራ እያሠሯት ነው ብለሽ እህል አልቀምስም አልሽ። አቶ በኃይሉ ያየውን ነው የተናገረው፤ የጨመረው ነገር የለም። ያላየው ግን ብዙ ነው። ይህችን በፖስታ ቤት ሳይሆን በሰው እጅ ስለምልካት ሁሉንም ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሰምተሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪያት።

አዳራሻችን ከታሸገ ወዲህ የት እንደምንጸልይ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም ነግሬሽ አላውቅም። እያወቅሽ ዝም አልሽ፣ እያወቅኩ ዝም አልኩ። የምንሰበሰበው እዚሁ ጋሼ ቤት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በጓሮው ክፍል። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። ያቺ ድምፀ መረዋ ጓደኛዬን ወንጌላዊትን ታውቂያት የለ፣ እሷ እንዲያውም በሹክሹክታ ከመዘመር እስር ቤት ገብቼ እንደ ልቤ ብጮህ ይሻለኛል ትላለች። ጋሼ ይህን ቀልድ አይወዱትም።

ችግር የሆነብን ብስክሌቱ ነበር። አዋሳ ሜዳ ናት፤ መምህሩም፣ ጸሐፊዋም፣ አናጢውም የሚሄዱት በብስክሌት ነው። የእኛም ሰዎች እንደዚያው። ከቱላ ድረስ እየነዱ የሚመጡ አሉ። ታዲያ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር የጋሼ አጥር በብስክሌት ይሞላል። ሠርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፤ ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ምን ይሠራል አይባልም? ጋሼ ሲያስቡ ሰነበቱና አንድ ጠዋት በጣውላ ላይ “ብስክሌት እናድሳለን” ብለው በቀይ ቀለም ጽፈው በር ላይ ሰቀሉ። ቀዩን ቀለም የመረጡት አስበውበት ነው። ቀበሌውም ጡረታ ወጥተው እንኳ ለሰፊው ሕዝብ የሚሠሩ አባት ናቸው ብሎ አመሰገናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ ይገለብጣል፣ ለይምሰል አንዲት ብሎን ይፈታል፣ ወደ ጓሮ ይገባል። እኔ ግቢው ውስጥ እቀራለሁ። የማናውቀው ሰው በሩን ከገፋ ከብስክሌቶቹ የአንዱን ደወል ማቃጨል የእኔ ሥራ ነው።

ወንድምሽን መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩ ድሬሰር ከብረት ጋር ምን አላቸው? ጎማ ከመንፋታቸው በፊት ይጸልያሉ። የተበሳ ጎማ ሲለጥፉ ዙሪያውን በአልኮል ጠርገው ነው ማስቲሽ የሚቀቡት። እውነተኛ ደንበኛ ይመጣል ብለን አላሰብንም ነበር። መጣ! ያውም ሠልፍ ይዞ። ቢቸግረኝ እኔ ተማርኩ። ጎማ መለጠፍ፣ ፍሬን ማጥበቅ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ጽሕፈት መኪና የለመደ ጣት ብዙ ነገር ያደርጋል። ከቢሮ መልስ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ መቀመጥ እንዲያውም ደስ ይለኝ ጀመር።

ሰኔ ላይ ጓድ ደረሰ መጣ። ጓድ ደረሰ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ረጅም፣ አፍንጫው ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ። ሰማያዊ ኮርሳ አለችው፤ ያቺ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ የውድድር ብስክሌት። ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ለአብዮት በዓል እስከ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ ውድድር ስለነበር ከወዲሁ ሰንሰለቷን ሊያስለውጥ ፈልጎ፣ አዲሱን ሰንሰለት በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ። የመጣው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደወሉን አቃጨልኩ። የጓሮው ክፍል ጸጥ አለ። ጋሼ ፓምፕ ይዘው ብቅ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እሱም ትችላላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ይህ ምን ይከብዳል፣ ሰኞ መጥተው ይውሰዷት አልኩት። ይህን ምላስ ያወረስሽኝ አንቺ ነሽ፤ በኋላ እንዳትቆጪኝ።

ሰንሰለት በትናንሽ ፒኖች የተያያዘ ነገር ነው። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር መሬት ላይ ዘርግቼ ለካሁ፤ የተረፈውን በመዶሻና በምስማር እየመታሁ ፒኗን አውጥቼ ቀነስኩ፤ አውራ ጣቴን ሁለቴ ቀጥቅጬ መልሼ ገጠምኩት። ሳሽከረክረው ዞረ። ጋሼ ሃሌ ሉያ ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዝኩ። ሰኞ መጥቶ ሲያያት አዲሱ ሰንሰለት ያንጸባርቃል፤ ተደስቶ አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ባለሙያ ሆንኩ ብዬ ተኮፈስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክርኑ በፋሻ ታስሮ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ ኮርሳዋን እየገፋ መጣ። እማዬ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልነግርሽም። ጋሼ አንድ ጊዜ ታስረው ሲወጡ ምን መስለው እንደወጡ በዓይንሽ አይተሻል። ያ ደረት ሁለተኛ እስር ቤት ገብቶ አይወጣም። ሐኪሙም ብሏል፣ እሳቸውም ያውቁታል። እኔ ግን በኩራቴ የማላውቀውን ሥራ አውቃለሁ ብዬ አብዮት ጥበቃን አስፋልት ላይ ዘረርኩት።

አልጮኸም። ብስክሌቷን ገለበጣትና ጠራኝ። ጣቱን የኋላው ጥርስ ላይ፣ ሰንሰለቱ በሚዞርበት በዚያ ጥርሳም ብረት ላይ አድርጎ፣ ይህ ምን ይመስልሻል አለኝ። ጥርስ ነው አልኩት። ሳቁን ሲውጥ አየሁት። ጠጋ ብዬ እንዳይ ነገረኝ። የጥርሶቹ ጫፍ እንደ ድመት ጥፍር ቀጥኖ ወደ አንድ ወገን ተቆልምሟል። ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል አለኝ፤ ጥርሱም አብሮት ተበልቶ በእሱ ልክ ይሆናል፤ አሮጌው ከአሮጌው ጋር ተግባብቶ ይዞራል። በአሮጌ ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ከገባ ግን አይቀመጥለትም። በቀስታ ሲነዱት ምንም አይል፤ ተነሥተው በኃይል ሲረግጡት ይዘላል። እሱንም ከሻሸመኔ ሲመለስ ዳገቷ ላይ ተነሥቶ ሲረግጥ ዘሎ ጣለው። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚለወጡት፤ ይህን ደግሞ ብስክሌት ሠሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ ግቢውን ዞሮ አየው። የተገለበጡትን ብስክሌቶች አያቸው። የአንዱን ጎማ በጣቱ መታ ሲያደርገው ያለ ምንም እንከን ዞረ። የሌላውንም መታው፤ ያም እንደዚያው። ከጓሮው ክፍል አንድ ሰው አሳለ፤ ሳሉም በእጅ ታፈነ። ጋሼ ፓምፑን በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው ቆመዋል። እኔ ምድር ምድሩን አያለሁ።

እና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቅሽ ምን ልትይ ነው አለኝ። የሚመጣው ቅዳሜ አዲስ ጥርስ ይዤ እመጣለሁ፣ እናንተ ሞርሳ ፈልጉ፤ ይህን ብሎ ኮርሳዋን እየገፋ፣ እያነከሰ ሄደ።

ያን ሳምንት ቤታችን እንዴት እንደታመሰ አትጠይቂኝ። ወጥመድ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከተማውን ለቅቀን እንሂድ ያለም ነበር። ጋሼ ግን ቅዳሜ መጥቶ ባዶ ግቢ ካገኘ ያን ጊዜ ነው ጉድ የሚፈላው አሉና ከአንድ ብረት በያጅ ያን ብረት ነክሶ የሚይዘውን ሞርሳ ተውሰው መጡ። ለማንኛውም ብለን ሌላው ሰው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ አደረግን። ግቢው ውስጥ የቀረነው ጋሼና እኔ ብቻ ነን።

በሰዓቱ መጣ። ጠብመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ። መጀመሪያ ሁሉንም በላምባ አሳጠበኝ፤ ቆሻሻ ላይ ሆኖ መመርመር የለም አለ። ከዚያ ሰንሰለት ማርጀቱ እንዴት እንደሚታወቅ አሳየኝ። ከፊቱ ትልቅ ጥርስ ላይ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ፊት መሳብ ነው፤ ከጥርሱ ተነሥቶ በሥሩ ብርሃን ካሳየ አልቆለታል። ከዚያ ወደ ዋናው ገባን። የኋላው ጥርስ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ የሚሄድ ነገር ስለሆነ የዓመታት እርግጫ አጣብቆታል። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አሰርንና ጎማውን ከላይ አጋድመን፣ እሱ በአንድ ወገን እኔ በሌላ ወገን ይዘን፣ እንደ መኪና መሪ ልናዞረው ታገልን። እምቢ። ደግመን ገፋን። እምቢ። ጋሼ ዳር ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በስተመጨረሻ ጓ ብሎ ሲለቅ እኔ ተንደርድሬ ደረቱ ላይ ልወድቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። እሱ ቀድሞ ቀላ፤ ለዚህ ነው እኔም የቀላሁት።

ለምን እንደሚረዳን ጠየቅኩት። አዋሳ ውስጥ ሌላ ብስክሌት ሠሪ ስለሌለ ነው አለኝ። ውሸት ነው! ገበያው አጠገብ በረድፍ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አይቀርም። ኮርሳዬ ጮኸችብኝ ይላል፣ ዘይት ጨርሳለች ይላል፣ ከዚያ በሩ ላይ በርጩማ ስቦ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጣል። አቶ በኃይሉ ያየው ይህንን ነው፤ እኔን ሲጠብቅ ሳይሆን ለእኛ ሲጠብቅልን። ወደ ጓሮ አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም፤ ማን እንደገባ፣ ስንት እንደሆንን ጠይቆም አያውቅም። ወንጌላዊት ረስታው ድምጿን ከፍ ስታደርግ ደወሉን የሚያቃጭለው እሱ ነው። አንድ ቀን ሰንሰለት እያጠብኩ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ያንኑ መዝሙር ያንጎራጉራል። ዜማው ሌላ፣ ቃሉ ሌላ። እማዬ፣ እግዜር ለዚህ ሰው ቁመት ሰጥቶታል፣ ልብ ሰጥቶታል፣ ድምፅ ግን ጭራሽ አልሰጠውም። እናቷ የጠፋችባት ጥጃ ነው የሚመስለው። ሳቄን ለማፈን ጨርቁን ነከስኩ። መቼ ‘እርስዎ’ ማለት ትቼ ‘አንተ’ እንዳልኩት አላስታውስም።

ውድድሩን አላሸነፈም። ሻሸመኔ መግቢያ ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ዘጋበትና ቀደሙት። ብዙ ቀን አኩርፎ ሰነበተ። ሰንሰለቱ ግን አልዘለለም፤ እኔ የምኮራው በዚያ ነው።

ጥቅምት ላይ ያ የፈራነው ቀን መጣ። ማን እንደጠቆመ አናውቅም፤ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ሰዎች መጡ። እየመራ ያመጣቸው ደግሞ ራሱ ጓድ ደረሰ ነው፤ ቀበሌው የእሱ ስለሆነ እምቢ ማለት አይችልም፤ ቀድሞ ሊነግረንም ጊዜ አላገኘም። በሩ ላይ ሲደርስ ዶሮ የሚያባርር መስሎ የኮርሳዋን ደወል ደጋገመው። ለመሆኑ የውድድር ብስክሌት ላይ ደወል ምን ይሠራል? ያን ሰሞን ነው የገጠመው። ጓሮ ያሉት ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጋሼን ጓሮ ውስጥ ያ ሳላቸው ያዛቸውና መውጣት አልቻሉም፤ አፋቸው ውስጥ ጨርቅ ጎርሰው መሬት ላይ ተንበርክከው ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

አለቃቸው መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው። ብስክሌቶቹን አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና በወጣትነቱ ጋላቢ እንደነበረ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ አዲስ ሰንሰለት ያስገባ ሰው ዳገት ላይ ይዘልብኛል ብሎ ቢመጣ ምን ትይዋለሽ አለኝ። ጓድ ደረሰ ከኋላው ቆሞ አጥሩን ያያል። እኔም የኋላውን ጥርስ ነው የማየው አልኩት፤ ጫፉ ከተቆለመመ ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ የፊቱም ትንሹ ጥርስ ከተበላ እሱም ይለወጣል፣ አለበለዚያ አዲሱን ሰንሰለት ቶሎ ይበላዋል። ሰውየው እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ አየው። በየጥፍሬ ሥርና በየመዳፌ መስመር የገባውን ጥቁር ግራሶ በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ አልለቀቀም። ይህች የእውነት ሠራተኛ ናት ብሎ ለቀቀኝ። እንደዚያ ብሎ ሄደ እማዬ። አንቺ ያለቀስሽበት ያ ጥቁር እጅ ነው ወንድምሽን ያተረፈው።

ጓድ ደረሰ ተከትሏቸው ሲወጣ አላየኝም። ያችን ኮርሳውን ግን በራችን ላይ ረስቷት በእግሩ ሄደ። ለእኔና ለጋሼ ሲል ራሱን ምን ላይ አቁሞ እንደነበር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። የእኛ ሰው ተይዞ ቢሆን ኖሮ ከሁላችን በፊት የሚጠየቀው እሱ ነበር።

እማዬ፣ እወደዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሱም አልነገርኩትም። ከበዓሉ በኋላ አንድ ቅዳሜ አብረን ሰንሰለት ዘይት እየቀባን፣ ሽማግሌ የሚልከው የሌለው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኑን ከሰንሰለቱ ላይ አላነሣም። ደንግጬ ፒንሳው የት ሄደ እያልኩ መሬቱን ስዳብስ ነገሩ በዚያው ታለፈ። ፒንሳው እጄ ላይ ነበር። አባቱ ሞተዋል፤ ዘመዶቹ ወሎ ናቸው፤ ጓዶቹን ሽማግሌ አድርጎ ቢልክ ወደዚህ ቤት ለምን እንደሚመላለስ ይጠየቃል። በእኛም በኩል ያው ነው። ጋሼን ነገር አዟዙሬ ብጠይቃቸው ገባቸው። ከእኛ ጋር ያልጸለየ ሰው ነው አሉ፤ ቆይተው ደግሞ በራችንን የጠበቀው ግን እሱ ነው አሉ፤ ከዚያ እኔ በዚህ አልፈርድም፣ አባትሽ በሕይወት የሉ፣ እናትሽ ትናገር ብለው ዘጉት።

እንግዲህ ቃሉ ያንቺ ነው። ምን ያምናል ብትዪኝ አላውቅም። ልቡን ለጌታ እንዲከፍትለት እጸልያለሁ፤ አስገድጄ ልከፍተው ግን አልችልም። የማውቀውን ነው የነገርኩሽ። እምቢ ብትዪኝ እከፋለሁ፤ ከቃልሽ ግን አልወጣም።

ደብዳቤዎቼን የሚያነብልሽ መምህር ይልማ ነው። ይህችን ግን እሱም ቢሆን ባይሰማት ይሻላል። ስለዚህ ይዟት የሚመጣውን ሰው፣ እናቴ ፊት ራስህ ከፍተህ አንብብላቸው ብዬ አደራ ሰጥቼዋለሁ። ኬላ ላይ የሚፈትሸው የለም። ለልምምድ እስከ ይርጋ ዓለም እነዳለሁ ሲለኝ ነው እንግዲያስ ይህችን አድርስልኝ ያልኩት። ውስጧ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ላሚቱን እየጠየቀች ይሆናል ብሎ ነው የሚመጣው።

እማዬ፣ እስካሁን ድምፁ ካልተቆራረጠ ጎበዝ ነው። ቀና ብለሽ እዪው። እሱ ነው። የዘለለው መስመር ካለ መልሶ ያንብብልሽ፤ እኔ ፊት ለፊት ልነግረው ያልደፈርኩትን ነውና አንድም ቃል እንዳይቀር። ሽማግሌ የለኝም ብሎ ነበር፤ ይኸው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ፊትሽ ተቀምጧል፣ በእኔ ቃል።

እምቢ ካልሽ አትቆጪው፤ ውሃ ስጪውና ሳይመሽ ሸኚው። እሺ ካልሽ ራቱን አብልተሽ አሳድሪው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ የይርጋ ዓለምን መንገድ አያለሁ። ዛሬ ከመሸ ቢመጣ ምንም አልጠይቀውም። ነገ ጠዋት ከመጣም የምጠይቀው የለኝም።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽና፣ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅ፣ ለልጅ ልጅ ያብቃሽ። የጋሼ ሰላምታ ይድረስሽ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ